ሦስት ሰው የሚስበው ደጋን

ደጋን ለመሥራት ያነሳሳኝ ጠላት አይደለም። ጠላት ቢኖረኝማ እንዴት በታደልኩ። ጠላትም እኮ ሰው ነው፤ የት ዋለ፣ የት አደረ ብሎ ይጠይቅላችኋል። እኔን በዚያ ሰሞን ካርቱም ውስጥ የት ዋልክ የሚለኝ ፍጥረት አልነበረም።

ነገሩ የሆነው ጦርነቱ ሳይመጣ ነው። መጀመሪያ ላይ ሳጃና የሚባል ሰፈር ውስጥ ከአገሬ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ክፍሏ ከመጥበቧ የተነሳ አንዱ ሲገላበጥ ሁላችንም አብረን እንገላበጣለን። የአንዱ ጉንፋን የሁላችን፣ የአንዱ ናፍቆት የሁላችን ነበር። ያን ጊዜ ጸሎቴ አንድ ብቻ ነበር፦ ብቻዬን የምተኛበት ቦታ። እግዜር አንዳንዴ የሰውን ጸሎት እንዳለ ይቀበላል፤ መፍራት ያኔ ነው። አንዱ ልጅ ወደ ሊቢያ ወጣ፣ አንዱ በአስዋን በኩል ግብጽ ገባ፣ ሌላው እናቱ ታማ አገር ቤት ተመለሰ። እኔ አል-ጣኢፍ ሰፈር አንድ ትልቅ ቪላ ውስጥ ገፊር ሆኜ ተቀጠርኩ። ገፊር ማለት ዘበኛ ነው። ባለቤቶቹ ውጭ አገር ስለሚኖሩ በግቢው ውስጥ እኔ፣ አንድ አሮጌ ማቀዝቀዣ እና የማይጠግቡ አበቦች ብቻ ነበርን።

አበቦቹን አጠጣለሁ፣ አቧራውን እጠርጋለሁ፣ በር ላይ እቀመጣለሁ። ነፋስ ተነስቶ አቧራውን ሲመልሰው ደስ ይለኛል፤ ሥራ አመጣልኝ። ማቀዝቀዣው ድንገት ሲንደቀደቅ “አቤት” ማለት ጀመርኩ። ሱዳኖች ሰላምታቸው ረጅም ነው፤ ጤናህ፣ ቤተሰብህ፣ ልጆችህ፣ ሥራህ እያሉ ሲጠይቁ ሻይ ይቀዘቅዛል። እኔም ያችን ሰላምታ ለመስማት ብዬ ከጥጉ ሱቅ ሳሙና ሳያልቅብኝ ሳሙና እገዛ ነበር። አልጋዬ ሥር የተከመረውን ሳሙና ያየ ሰው ንጹሕ ነው ይለኝ ነበር። የሚያይ ግን አልነበረም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኬን ስነካካ አንድ ቪዲዮ አገኘሁ። አንድ ሽበታም ፈረንጅ ጫካ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ከግንድ ላይ ቁመቱን የሚያህል ደጋን ይጠርባል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቃል አይተነፍስም። እኔን የገረመኝ ደጋኑ አይደለም። ሰውዬው ብቻውን ሆኖ አለመከፋቱ ነው። መድኃኒቱ እንጨቱ ውስጥ ነው ያለው አልኩና ወሰንኩ። ከዚያ በፊት በመጥረቢያ ጠርቤ የማውቀው ነገር ቢኖር የራሴ ጫማ አፍንጫ ነው።

እንጨት ያገኘሁት አርካዊት የሚባል ሌላ ሰፈር ነው። በፊት የቀን ሥራ የሠራሁበት ግቢ ውስጥ አንድ ትልቅ ሲድር ነበር፤ እኛ ቁርቁራ የምንለው ዛፍ። ቅርንጫፉ የመብራት ሽቦውን ስላስቸገረ ቆርጠው ጣሉት። ግንዱን ለመንኩ። ለማገዶ መስሏቸው “ሺል፣ ሺል” አሉኝ፤ ውሰድ ማለታቸው ነው። መውሰዱ በአፍ ቀላል ነው። የጠራሁት የሪክሻ፣ እኛ ባጃጅ የምንላት፣ ሾፌር ግንዱን ዞሮ ዞሮ አየና ለአንገረብ እግር ነው ወይ አለኝ። አንገረብ የሱዳኖች የጠፍር አልጋ ነው። ደጋንን በዓረብኛ ምን እንደሚሉት ስላላወቅሁ አዎ አልኩት። በዚህ አንድ ሐሰት ምክንያት መንገዱን ሙሉ ስለ አልጋ ምክር ሰማሁ።

ግንዱን በሪክሻዋ ወገብ ላይ አጋደምነው። ግራና ቀኝ ወጥቶ ክንፍ ሆነላት። ሾፌሩ ጡሩምባውን እያንባረቀ ይነዳል፣ እኔ ግንዱን አቅፌ ከኋላ ተቀምጫለሁ። ገበያውን ስናልፍ ሰዎች እየሮጡ ሲከተሉን አየሁ፤ ፊት ፊት የሚሮጠው ደግሞ እጁን ያወዛውዝልኛል። እኔም ደስ ብሎኝ እጄን አወዛወዝኩለት። ከዚያ በፊት እንዲህ የሸኘኝ ሰው አልነበረም። ለካስ የግንዱ ጫፍ ከአንድ ሱቅ ደጃፍ የተንጠለጠለ የሸበጥ ዘለላ መንጥቆ ይዞ ኖሯል። ሰውየው ደርሶ ሸበጡን ከነቀለ በኋላ የሰደበኝን ስድብ ሁሉ አልተረዳሁትም። መቼም ስለ ቤተሰቤ ደህንነት እየጠየቀኝ እንዳልነበር ከፊቱ ገባኝ።

ግንዱን በሽብልቅ ለሁለት ሰነጠቅሁት። እንጨት ቶሎ ከደረቀ ይተረተራል ሲባል ስለሰማሁ ጫፍ ጫፉን ከበር ቀለም በተረፈው ቀብቼ ክፍሌ ውስጥ አጋደምኩት። የካርቱም ሙቀት ግን ቀለም አይፈራም። አንድ ጠዋት አንደኛው ክፋይ “ጧ” ብሎ ሲሰነጠቅ እኔ ከአልጋዬ ዘልዬ “ማነው? ግቡ” አልኩ። እንግዳ የመጣ መስሎኝ ነው። ሱሪዬን ሁሉ ታጥቄ በሩን ከከፈትኩ በኋላ ነው እንጨቱ መሆኑ የገባኝ። የተረፈኝን አንድ ክፋይ ከዚያ በኋላ እንደ አራስ ጠበቅሁት። ወራት አለፉ፣ ደረቀ።

የመጥረቡ ሕግ እንዲህ ነው፦ የእንጨቱ ጀርባ አይነካም። ቅርፊቱ ተልጦ ጀርባው እንዳለ ይተዋል፤ የሚጠረበው ሆዱ ብቻ ነው። ጀርባው ላይ አንድ ጭረት ከተቆረጠ ደጋኑ ሲሳብ እዚያው ጋ ይሰበራል። ይህን ሕግ አክብሬ ጀርባውን ሳልነካ፣ መጥረቢያውን ጣቴ ላይ አሳረፍኩት።

“ወይኔ እናቴን” አልኩ ባለኝ ድምፅ።

“አብሽር” አለኝ አንድ ድምፅ ከሰማይ።

ቀና ስል ከጎረቤት ቤት ጣሪያ ላይ ቶብ የለበሰች ሴት ልብስ ታሰጣለች። ቶብ የሱዳን ሴቶች ዙሪያ ጥምጥም ልብስ ነው። አብሽርን ሱዳኖችም ስለሚሉት ምንም አልመሰለኝም፤ በዓረብኛ “ሹክረን” አልኳት። እሷ ግን ቀጠለች።

“በውኃ እጠበውና እሰረው፣ ወንድምዬ። አቧራ እንዳይገባው።”

እናንተ፣ ይህችን ሴት አውቃታለሁ። ከሱቁ ደጃፍ ብዙ ጊዜ ተገናኝተናል። ፊቷን ሸፈን ስለምታደርግ እኔ ሱዳናዊት ናት ብዬ፣ እሷ ደግሞ ሱዳናዊ ነው ብላ፣ ሁለታችንም በተንሻፈፈ ዓረብኛ ሰላም ስንባባል ከርመናል። እኔ ስለ ዓረብኛዬ አፍሬ ቶሎ እለያታለሁ፤ እሷም ስለ ዓረብኛዋ አፍራ ቶሎ ትለየኛለች። አንድ አጥር ተካፍለን ያን ሁሉ ጊዜ እያንዳንዳችን የሚያነጋግረን ስናጣ የኖርነው በዓረብኛ ምክንያት ነው። ጣቴ ባይቆረጥ ኖሮ እስከ ዛሬም በደህና ነህ ደህና ነሽ ፈንታ “ተማም? ተማም” እያልን ነበር።

ስሟ ዘይነብ ነው፤ የወሎ ልጅ ናት፣ ከእኔ በብዙ ዓመት ትበልጣለች። በዚያ ቤት ውስጥ ሐጅ ዑስማን የሚባሉ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሽማግሌ ትንከባከባለች። ጣቴን አስሬ ስመለስ እንጨቱን ከላይ ሆና ስትመረምር አገኘኋት።

“ምንድን ነው የምትሠራው?”

“ደጋን።”

“ጥጥ ልትነድፍ ነው?”

የወንድ ኩራቴ ተነካ። የጥጥ መንደፊያ ሳይሆን የጦር መሣሪያ መሆኑን አስረዳኋት። ማንን ልትወጋበት ነው አለችኝ። ማንንም አልኳት። ከባሕር ዳር ነህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ከደብረ ታቦር ነኝ አልኳት። “አይ፣ እንግዲያው ይሁን” አለች። ደብረ ታቦር ለዚህ ነገር ምን ማመካኛ እንደሚሆን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጋኑ ሁለት ሠሪ አገኘ። ነገሩ እውነትም ሁለት ሰው ይፈልጋል። እንጨቱን ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ገመድ ታስሩለታላችሁ፤ ከዚያ ገመዱን ከሥር በዝግታ እየሳባችሁ ሁለቱ ክንፎች እኩል መጉበጣቸውን ማየት አለባችሁ። የትኛው ክንፍ ግትር እንደሆነ ካወቃችሁ እሱን በብርጭቆ ስባሪ ትፍቃላችሁ። ችግሩ፣ የሚስብ ሰው ቅርብ ነው፤ የሚያይ ሰው ራቅ ማለት አለበት። እኔ ብቻዬን ስስብ አይታየኝም፤ ለማየት ራቅ ስል አይሳብም። ስቤ ለቅቄ ሮጬ ለማየት የሞከርኩባቸው ቀናት ነበሩ። እንጨት ይጠብቀኛል ብዬ ነው።

አሁን ግን ዘይነብ ልብስ ስታሰጣ ከላይ ታይልኛለች።

“ቀኙ ይሠራል፤ ግራው ተቀምጦ ይበላል” ትለኛለች።

ግራውን እፍቃለሁ። በማግስቱ “አሁን ደግሞ ግራው ተነሳ፣ ቀኙ ኮራ” ትላለች። ቀኙን እፍቃለሁ። በመሃል ወሬ አለ። ልጇን እህቷ ጋ ትታ እንደመጣች፣ ልጅቷ አድጋ አሁን በስልክ እንደምትመክራት፣ ሐጅ ልጆቻቸው ሁሉ ባሕር ማዶ ስለሆኑ ቀኑን ሙሉ ዜና ከፍተው ሳይሰሙት እንደሚውሉ ነገረችኝ። እኔ ደግሞ ሳጃና ስለቀሩት ሳቆች ነገርኳት። ሐጅ ምን ያህል ልብስ ኖሯቸው በየቀኑ እንደሚታጠብላቸው መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። በኋላ ላይ ንጹሕ አንሶላ ደግማ ስታሰጣ አየኋት። ከእኔ ሳሙና ጋር አንድ ዓይነት በሽታ ነው አልኩ፣ በልቤ።

አንድ ነገር አስፈራኝ። ደጋኑ ለማለቅ እየቀረበ መጣ። ቢያልቅ ዘይነብ ምን ልታይ ትመጣለች? ስለዚህ አንዳንድ ቀን ብርጭቆውን እንጨቱ ላይ ሳላስነካ አመላልሰው ጀመር። እሷ ከላይ “አሁንም ወፍራም ነው” ትለኛለች፤ እኔ “እየፋቅሁ ነው” እላለሁ። እንዲህ ስናስታምመው ደጋኑ እንደ በሬ ቀንበር ወፍሮ ቀረ። የናይለን ገመድ ገምጄ ጅማት ስሠራለትና ስወጥረው ከአበባው መደብ ውስጥ በጀርባዬ ወደቅሁ። በሁለተኛው ሙከራ አገጬን መታኝ። በስንት መከራ ጅማቱ ገባ። ከዚያ ለመሳብ ሞከርኩ። አንድ ስንዝር እንኳ አልመጣልኝም። ወሬ ናፍቄ የሠራሁት መሣሪያ ለጀግና እንጂ ለእኔ አልሆነም።

ዘይነብ ያን ቀን ጣሪያው ላይ ሆና አበባ ውስጥ ስወድቅ አይታ እስኪያማት ሳቀች። ሳቋን ሐጅ ሰሙት። እሳቸው ቤት ውስጥ ሳቅ ከተሰማ ስንት ዘመኑ መሰላችሁ። ብዙም ሳይቆይ የግቢዬ በር በከዘራ ተደበደበ። ስከፍት ነጭ ጀላቢያ የለበሱ ቀጭን ሽማግሌ ቆመዋል። ሰላምታውን አላሳጠሩም፤ ጤናዬን፣ ቤተሰቤን፣ ሥራዬን በሙሉ ጠየቁ። ከዚያ በኋላ ነው ቤቴ ያለችውን ሴት በምን እንደምታስቃት አሳየኝ ያሉኝ። ነገሩ በምን በኩል እንደሄደባቸው ገባኝና ላብ አጠመቀኝ። ምስክሬን ከክፍሌ አምጥቼ ፊታቸው አቆምኩ።

ሐጅ ደጋኑን ከላይ እስከ ታች አዩት። ፊታቸው ለዘብ አለ። የሙዚቃ መሣሪያ መስሏቸዋል፤ ተጫወትልኝ አሉኝ። እንዴት እምቢ ይባላል? ጅማቱን በጣቴ መታሁት። “ድዝዝዝ” አለ። ሐጅ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና “ሐዚን” አሉ። ያሳዝናል ማለታቸው ነው። ደግሜ መታሁላቸው። ዘይነብ ከኋላቸው ደርሳ “ቀውስ ነው፣ ያ ሐጅ” ባትል ኖሮ ኮንሰርቱ ይቀጥል ነበር። ቀውስ ለካ በእነሱ ደጋን ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ ግን ቀውስ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ እኔ ከሁለቱም ጋር አልተጣላሁም።

ሐጅ አሰቡ አሰቡና አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

“ፍላጻውስ የታለ?”

እኔ ዘይነብን አየኋት፣ ዘይነብ እኔን አየችኝ። ያን ሁሉ ወር አንዳችንም ፍላጻ የሚባል ነገር ትዝ አላለንም ነበር።

ሽማግሌው መሬት ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ። ከዚያ ተነስተው ሥራውን በእጃቸው አደረጉት። ከራሳቸው ግቢ ዳስ ላይ ቀጥ ያለ መቃ መዘው መጡ። ዘይነብ የእርግብ ላባ ለቅማ በክር አሰረችለት። እኔ ጫፉ ላይ ምስማር ልሰካ ስል ሐጅ ከለከሉኝ፤ ሰው እንዳንጎዳ ብለው በጨርቅ ጠቀለሉት። ቀረ መሳቡ። መጀመሪያ ሐጅ በጉልምስናቸው ግመል ያስተኙ እንደነበር ነግረውን ሳቡ፤ ደጋኑ አልሰማቸውም። ዘይነብ ሳበች፤ እምቢ። በመጨረሻ እኔ በጀርባዬ ተጋድሜ ደጋኑን በሁለት እግሬ ገፋሁ፤ ሐጅ ጅማቱን በቀኝ፣ ዘይነብ በግራ ይዘው ወደ ኋላ ሳቡ። ፍላጻው በጉልበቶቼ መሃል ሰማይ ሰማይ ያያል። የቤቱ ባለቤት ያን ጊዜ ቢመጣ ምን ይለን እንደነበር አላውቅም።

“ቢስሚላህ” አሉ ሐጅና ሁለቱም ለቀቁ።

ፍላጻው “ሿ” ብሎ ከአጥሩ በላይ፣ ከዛፉ በላይ፣ ከውኃ ታንከሩ በላይ አለፈና ጠፋ። ሦስታችንም አፋችንን ከፍተን ሰማዩን ስናይ ቆየን።

“ያላ” አሉ ሐጅ ከዘራቸውን አንስተው፣ “እንፈልገው።”

ዘይነብ በጆሮዬ እንደነገረችኝ፣ ሐጅ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከመስጊድ በቀር የትም ወጥተው አያውቁም። ያን ቀን ግን ፊት ፊት ይሄዳሉ። በየበሩ እየቆሙ፣ ሰላምታውን ከነቤተሰቡ አዳርሰው፣ በመጨረሻ “ፍላጻ አይታችኋል?” ይላሉ። በየበሩ ዘበኛ ይወጣል፣ ሠራተኛ ትወጣለች፤ ግማሹ የአገሬ ሰው። አንዱ የጎንደር ልጅ በዚህ ሄደ ይላል፣ አንዷ የከሚሴ ልጅ የለም በዚያ ነው ትላለች። አንድ ሱዳናዊ መካኒክ ሽማግሌው ልባቸውን ሳቱ መስሎት በርጩማ አቀረበላቸው። ሐጅ ተቀምጠው ሻይ ጠጡና አመስግነው ተነሱ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ዞርን። ፍላጻውን አላገኘነውም። ስንመለስ ሐጅ ደክሟቸው ትከሻዬን ይዘው ነበር የሚራመዱት፤ ደጃፌ ላይ ሲደርሱ ነገ ሁለት ፍላጻ እንሥራ አሉ።

ሠራን። ብዙ ሠራን፣ ብዙም ጠፋብን። ከሰዓት በኋላ ሲሆን ሐጅ ከዘራቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ዘይነብ ትከተላለች፣ እኔ እጋደማለሁ። በዚያ ወቅት ሱቁ በሳሙና በኩል ትልቅ ደንበኛ አጣ።

ደግ ነገር ግን ዕድሜው አጭር ነው። የዘይነብ ልጅ ልታገባ ሆነና ዘይነብ ጠቅልላ አገሯ ገባች። የሄደች ቀን ሻንጣዋን እስከ መኪናው የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ ሐጅ ከበር አልወጡም። የሚያስታምማቸው ስላልነበረ ትንሽ ቆይቶ ልጃቸው ከባሕረ ሰላጤው መጥቶ ወሰዳቸው። ሲሰናበቱኝ ጤናዬን፣ ቤተሰቤን፣ ሥራዬን ጠየቁኝ፤ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ልጃቸው ሰዓቱን እያየ ነበር። ቤቱ ተቆለፈ። ጣሪያው ላይ ያለው ገመድ ባዶውን ሲወዛወዝ ከደጃፌ ይታየኛል።

ብቻዬን ስቀር ደጋኑን ወደ መሳቡ ተመለስኩ፤ ሌላ ምን አለኝ? ቆሜ፣ ትከሻዬ እስኪነድ፣ ጠዋት ጠዋት እስበዋለሁ። መጀመሪያ አንድ ስንዝር መጣ፤ ሰነባብቶ ደረቴ ደረሰ። እንጨቱ ለመደኝ ወይም እኔ ለመድኩት። አንድ ጠዋት አበቦቹን አጠጥቼ ሳበቃ አነሳሁትና ሳብኩት፤ ጅማቱ ጆሮዬ ድረስ መጣ። ያንን የበሬ ቀንበር፣ ሦስት ሰው የሚስበውን፣ ብቻዬን። ጥቂት ያዝኩትና ቀስ ብዬ መለስኩት። ግቢው ጭጭ ብሏል።

ሮጬ ስልኬን አመጣሁና ወሎ ደወልኩ። ኔትወርኩ እየመጣ እየሄደ፣ በስንት ሙከራ ዘይነብ አነሳች። ከኋላዋ የብዙ ሰው ወሬና የሕፃን ልቅሶ ይሰማል።

“ሳብኩት” አልኳት፣ ሰላም ሳልላት።

“ምኑን?”

“ደጋኑን። እስከ ጆሮዬ። ብቻዬን።”

ከኋላዋ አንድ ሰው ጠራት፤ መጣሁ አለችው። ኔትወርኩ የሄደ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

“አለሁ” አለች። “ብቻህን ነው የሳብከው?”

“አዎ።”

“አይ ወንድሜ” አለች ቀስ ብላ። “አላህ ሰው አያሳጣህ።”

አሜን ስል መስመሩ ተቋርጦ ነበር። ቢሆንም ጨርሼ አልኩት።